የናይለን ጫፍ

መጀመሪያ ጊዜ መብረቅ መስሎኝ ነበር፣
በጎሃ ጋራ ላይ ደመና እንኳ ሳይኖር
ከግራ ዓይኔ ጥግ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ።
ቀጥሎ አንዲት ዝንብ፣ ስፌቴ ላይ አርፋ፤
እሽ ብላት አትሄድ፣ ብመታት አትሞት፣
"ጋሼ፣ የምን ዝንብ ነው?" አለኝ ይርሳው ድንገት
እግሩን ከሲንጀሩ ፔዳል ላይ አንሥቶ።
በሦስተኛው ቀን ግን ጥቀርሻው በርክቶ
ዓይኔ የጭስ ቤት ጣሪያ መሰለ።

ለፋሲካ የያዝኩት አሥራ ሰባት ሥራ
ተቆርጦ፣ በጠመኔ ተሰምሮ በተራ
መደርደሪያ ላይ ቀረ፤
እኔ በባጃጅ፣ ይርሳው ደግፎኝ፣ ወደ ሆስፒታል።

ዶክተር ፈንታነሽ ናት። ልጄን ታክላለች።
አገጬን ብረት ላይ አስደግፋ ያዘች፤
"ጋሽ አስማረ፣ አይዞዎት፣ ጆሮዬን ይዩልኝ።"
ጆሮዋን አየሁት፤ ጉትቻዋ ታየኝ፣
የምስር ክክ ያህል፣ መንጠቆው የላላ፤
ከዚያ በኋላማ
አረንጓዴ። አረንጓዴ። አረንጓዴ ሌላ።
እንደ መኪና መርፌ ይወጋል፣ ይነሣል፣
ድምፅ የለውም እንጂ ጥርስን ያስነክሳል።
ሁለት መቶ ድረስ ቆጥሬ ጠፋብኝ።

"ሰፋሽው?" ብላት
"አልሰፋሁም" አለች፤ "ጠርዙን ነው ያቃጠልኩት፣
ዙሪያውን፣ ነጥብ በነጥብ፣ በብርሃን የተኮስኩት።
የሚይዘው ጠባሳው ነው። እሱ እስኪጠና ድረስ፣
ሁለት ሳምንት ያህል፣
ጆንያ ማንሣት የለም፣ ማጎንበስም የለም፤
ሕማማት ነው ብለው ደግሞ
ግንባርዎ መሬት እንዳይደርስ!"

ሳቄ መጣ።
ናይለን ጨርቅም እንዲህ ነው፤ ክር ይዞት አይቆይም፣
ብዘመዝመው እንኳ መተርተር አይተውም፤
መድኃኒቱ ክብሪት ነው። ጫፉ ጠቁሮ ቶሎ
ይኮማተርና፣ ትንሽ ሸተት ብሎ፣
ከዚያ ወዲያ አንዲት ክር አትወጣም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ስለበልብ ኖሬ
"አመመህ ወይ?" ያልኩት ጨርቅ የለም እስከ ዛሬ።

ስቅለት። በአባጃሌ ቅጥር፣ ገና ሲነጋ፣
ሕዝቡ እንደ አቡጀዲ ጣቃ ሲታጠፍ ሲዘረጋ፣
እኔ ብቻ ቆሜ።
"ወገብ የለውም ወይ?" አለች አንዲት ባልቴት
ከጎኔ፣ ግንባሯን አንሥታ ከመሬት።
ሰማኋት። ምን ልበል?
ቀጥ ብዬ ቀረሁ፣ እንደ እንጨት ማስመሪያ፣
ከፊቴ የሰው ጀርባ፣ ጀርባ ብቻ፣ እስከ በሩ መግቢያ።
ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሰፋሁትን ኮት
አወቅኩት፤
ብብቱ ተተርትሯል። ስሰግድ በኖርኩበት
ዓመት ሁሉ አላየሁትም።

ማምሻውን አባ ገብረ ዮናስ ወይራቸውን ይዘው
ጀርባዬን መታ መታ አድርገው
"ሃምሳ ስገድ" አሉኝ።
"ሐኪም ከልክላኛለች፣ አባ፣ ዓይኔን ተተኩሼ።"
አዩኝ። ዝም አሉ። ወይራውን አገላበጡ።
"እንግዲያ በዱቤ ይሁን" አሉ፤
"የኔን የቀሚስ ዱቤ ታግሠህ የለ?"

ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። ሱቄን ከፈትኩ።
ይርሳው አሥራ አንዱን ጨርሷል፣ ሁለቱን አጣሟል፣
የአራቱ ባለቤቶች ተቆጥተው ጨርቃቸውን ወስደዋል።
ክር በመርፌ የሚያሾልክልኝ አሁንም እሱ ነው።
ዝንቧ አልሄደችም፤ ቀጥናለች ብቻ፤
"አትሄድም፣ እርስዎ ይረሷታል እንጂ" ብላኛለች ዶክተሯ።
ነጭ ግድግዳ ሳይ ትመጣለች፣
ከሰል ሻጯን ሳይ ትጠፋለች።

ትናንት አንድ ከአዘዞ የመጣ ደንበኛ
አዲሱን ኮት አጥልቆ መስታወት ፊት ቆሞ፣
ከትከሻው ላይ የቀረች ክር አየሁና
በሁለት ጣቴ ለቀም አድርጌ ጣልኳት።
አልነበረችም።
ዞር ስል አብራኝ ዞረች።
ሰውየው ግን ትከሻውን እያየ፣
"ተባረክ" አለኝ።